የአንድ አውራ ጣት ክፍተት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ዛሬ ላምም በረትም የለም። ያለው አንድ ድንኳን ነው፤ እሱም ተቆልፎበታል። ስለዚህ «የማን ድንኳን?» በሉኝ። አዎ፣ እንደሱ። የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ሰምታችሁ እንደኔ ካልተናደዳችሁ ግን ጆሯችሁን ሐኪም ይየው።

ዋርካ ሥር በሚባል ሰፈር እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት አልፏል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ምንታምር ናት፤ በሌላ ከተማ ታስተምራለች። ይህች ምንታምር እሑድ ልታገባ ነው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የዘንድሮ ሚያዝያ ደግሞ ከቀትር በኋላ ሳይዘንብ የዋለበት ቀን የለም። እትዬ የሺመቤት ለሠርጉ የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእድሩ ድንኳን። ለእሑድ፣ ለአንዲት ቀን። ወርቅ አላሉ፣ አዳራሽ አላሉ፣ ድንኳን አሉ እንጂ!

ሃያ ሦስት ዓመት የዋርካ ሥር እድር አባል ናቸው። ከቀብር ቀርተው አያውቁም፤ ለቅሶ ቤት ድስት ተሸክመው ያልሄዱበት ቀን የለም። ደግሞስ ያንን ድንኳን ማን ሰፋው? እሳቸው! በገዛ እጃቸው፣ በገዛ መኪናቸው፣ ክረምቱን ሙሉ ተጎንብሰው። ሸራው ወፍራም ስለነበረ መርፌው ተሰብሮ የቀኝ አውራ ጣታቸው ውስጥ ገባ። ጣቱ ዳነ፤ ዳነ ግን እንደ ማንኪያ ተጠፍጥፎ ቀረ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ዱሮ ድንኳን የፈለገ ሰው ወደ እድሩ ቤት ሄዶ «እንዴት አደራችሁ፣ ድንኳኑን ለእሑድ ፈልጌው ነበር» ይላል፤ «ይውሰዱ፣ የደስታ ያድርገው» ይባላል፤ አለቀ። ዘንድሮ ግን እድሩ ሠለጠነ። ድረ ገጽ አወጣ። ድንኳን የሚጠየቀው በድረ ገጹ ብቻ፣ ያውም አባሉ ባስመዘገበው ስልክ ብቻ ይሁን ተባለ። ይሁን። እትዬ የሺመቤት ሥልጣኔ አይጠሉም። ማክሰኞ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ከፈቱ።

ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? የሰብሳቢውን የአቶ ሽብሩን ፎቶ! ከጫፍ እስከ ጫፍ አቶ ሽብሩ፤ ኮት፣ ከረባት፣ ፈገግታ። ከፎቶው ግርጌ በተረፈችው ሁለት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ የስልክ ቁጥር መጻፊያው፣ የይለፍ ቃል መጻፊያው፣ «መግቢያ» የሚለው፣ ከሥሩ ደግሞ «መልቀቂያ» የሚለው ሊንክ፣ ሁሉም አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። በመግቢያው አባሉ ይገባል። በመልቀቂያው እድሩ የመረረው ሰው ይወጣል። እስቲ በሞቴ፣ በመግቢያና በመልቀቂያ መካከል ፀጉር የማያሳልፍ ቦታ መተው ምን የሚሉት ነገር ነው? ደጃፍ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ነው እንጂ!

እትዬ የሺመቤት ቁጥራቸውን ጻፉ፤ የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ፤ በዚያ በተጠፈጠፈ አውራ ጣታቸው መግቢያውን ጫን አደረጉ። ስልኩም «የመልቀቂያ ጥያቄዎ ደርሶናል። መልካም ጉዞ!» አላቸው።

«የምን ጉዞ? ኧረ እኔ የትም አልሄድም!» ብለው ደገሙት። «መልካም ጉዞ!» ጎረቤታቸው አልጋነሽ መጥታ በቀጭን ሌባ ጣቷ ሞከረችላቸው። አሁንም ያው ጉዞ፤ ያውም ከማስፈራሪያ ጋር። «ለመልቀቅ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ገብተው ካልሰረዙት ስምዎ ከአባላት መዝገብ ይፋቃል።»

ይታያችሁ! ድንኳን ሊለምኑ ገብተው ከእድር ሊባረሩ ነው። መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፤ መግቢያው አላስገባም አለ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለ፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ ነው!

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ጣል አድርገው ድረ ገጹን ወደ ሠራው ሰው ሄዱ። ናሁሰናይ ይባላል፤ ታክሲ ተራው አጠገብ የኮምፒውተር ሱቅ አለው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ትሑት፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ሰድቦት መሄድ ይቻል ነበር።

«ልጄ፣ ይቺን መልቀቂያ ከመግቢያው ትንሽ ፈቀቅ አድርግልኝ» አሉት።

ናሁሰናይ መስተዋት የሚያክል ስልኩን አውጥቶ አየ። «በእኔ ስልክ ደህና ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ባንተ ስልክ ልግባ።»

«ካስመዘገቡት ስልክ ውጭ አይከፍትልዎትም።»

«እንግዲያው ፈቀቅ አድርጋት!»

«ወዴት ላድርጋት? ቦታ የለም። ትንሽ ስልክ ላይ ቦታውን ሁሉ የያዘው ፎቶው ነው። ፎቶው ካላነሰ መልቀቂያው አይርቅም። ፎቶው ደግሞ የጋሽ ሽብሩ ነው፤ ባለፈው ጥቂት ባሳንሰው ጉድ ፈላብኝ። ያለ ጸሐፊው ደብዳቤ አልነካውም።»

እትዬ የሺመቤት የሸሚዙን ደረት በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «እየው፣ ይኼን የሰፋልህ ሰው በአንዱ ቁልፍና በሌላው መካከል አራት ጣት ትቷል። ለምን? አንዱን ስትፈታ ሌላው እንዳይፈታብህ። ቦታ ማለት ባዶ ነገር አይደለም ልጄ፤ ቦታ ሥራ ነው።»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ» አለ ናሁሰናይ ከልቡ። «በጣም ልክ ነዎት። ግን ደብዳቤ።»

ልክ ነዎት ግን ደብዳቤ! እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሉታል? ናሁሰናይ አልነካም አለ፤ ፎቶው አላንስም አለ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፤ መግቢያው አላስገባም አለ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለ፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ ነው!

ከዚያ ወደ ጸሐፊው ሄዱ። ጸሐፊው አቶ ዳምጤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ ማማሩን እሳቸውም ያውቁታል። እትዬ የሺመቤት በረንዳቸው ላይ ሳይቀመጡ ነገሯቸው። «አቶ ዳምጤ፣ ናሁሰናይ አልነካም አለኝ፤ ፎቶው አላንስም አለኝ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለኝ፤ መግቢያው አላስገባም አለኝ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለኝ፤ እሑድ ደግሞ የልጄ ሠርግ ነው። አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

«ደብዳቤማ ምን ችግር አለው፣ እትዬ የሺመቤት?» አሉ አቶ ዳምጤ ብዕራቸውን ከኪሳቸው እያወጡ። ደስ አላቸው። «ብቻ መጀመሪያ ሰብሳቢው ይፈርሙበት።»

«ምኑ ላይ?»

«ደብዳቤው ላይ ነዋ።»

«ደብዳቤው ገና መቼ ተጻፈ?»

«ባዶው ወረቀት ላይ ከግርጌው ይፈርማሉ፤ እኔ ከላይ እሞላዋለሁ። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አልፈርምም ቢሉኝ ድካሜ ከንቱ ይቀራል። አንዴ ደርሶብኛል። ከዚያ ወዲህ አሠራራችን እንዲህ ነው።»

አሠራራችን! ሰው ቆሞ እየለመነ አሠራራችን። አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉ፤ ናሁሰናይ አልነካም አለ፤ ፎቶው አላንስም አለ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፤ መግቢያው አላስገባም አለ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለ፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ ነው! ማክሰኞም በዚሁ መሸ።

ረቡዕ ማለዳ ባዶ ወረቀት ይዘው የሰብሳቢውን የአቶ ሽብሩን በር አንኳኩ። አቶ ሽብሩ እጃቸው ለመስጠት የማይሰስት፣ ደግሞ ማንም እንዲረሳቸው የማይፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ይኖራሉ፤ ሰው ነው።

«ግቢ የሺመቤት፣ ግቢ! ድረ ገጹን አየሽው? ፎቶው እንዴት ነው?»

«አምሯል ጋሽ ሽብሩ። ግን በዛ።»

«የእድር ፊቱ ሰብሳቢው ነው፣ አይደለም እንዴ?» አሉና ሳቁ። እትዬ የሺመቤት አልሳቁም። ወረቀቱን ዘረጉ።

«አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉኝ፤ ናሁሰናይ አልነካም አለኝ፤ የርስዎ ፎቶ አላንስም አለኝ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለኝ፤ መግቢያው አላስገባም አለኝ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለኝ። ነገ ማታ ስሜ ሊፋቅ ነው፣ እሑድ ደግሞ ሠርግ አለብኝ። እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

አቶ ሽብሩ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። «ባዶ ወረቀት ላይ? እኔ? ነገ ከላዩ ‹ሽብሩ ቤቱን ሸጧል› ተብሎ ቢጻፍበትስ? ማህተም ያላረፈበት ባዶ ወረቀት ላይ አልፈርምም። ማህተሙን አስመቺበትና ነይ፣ እፈርማለሁ። እኔ ላንቺ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?»

እንግዲህ እምቢ ሳይሉ እምቢ አሉ፤ ይኼ የትልልቅ ሰው ጥበብ ነው። አቶ ሽብሩ አልፈርምም አሉ፤ አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉ፤ ናሁሰናይ አልነካም አለ፤ ፎቶው አላንስም አለ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፤ መግቢያው አላስገባም አለ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለ፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ ነው!

ማህተሙን የምትይዘው እታገኝ ናት። እታገኝና እትዬ የሺመቤት አብሮ አደግ ናቸው፤ ለአንዷ ለቅሶ ሌላዋ ደረቷን የደቃች፣ ሚስጥር የማይደባበቁ። እዚህስ ነገሩ አለቀ ብለው ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ዘረገፉት።

«እታገኝ፣ ጋሽ ሽብሩ አልፈርምም አሉ፣ አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉ፣ ናሁሰናይ አልነካም አለ፣ ፎቶው አላንስም አለ፣ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፣ መግቢያው አላስገባም አለ፣ ድንኳኑ አልወጣም አለ! ማህተሙን አምጪልኝና ልገላገል።»

እታገኝ ጉንጯን ያዘች። «ወይኔ የሺ! ወይኔ እህቴ! ቤቴ ቢሆን አሁን ባወጣሁልሽ። የእድሩ መጋዘን ውስጥ ነው እኮ፤ ይጠፋል ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ። መጋዘኑን ጋሽ ባንተይርጋ ካልከፈቱት እኔ በምን እጄ ላውጣው?»

«ታዲያ ማህተም ያዥ የሚሉሽ ምን ይዘሽ ነው?»

«ስሙን» አለች እታገኝ፤ እንባዋ መጣ። እትዬ የሺመቤት ከዚህ በላይ አልተናገሯትም። ጓደኛ ናት።

ማህተሙ አልወጣም አለ፤ አቶ ሽብሩ አልፈርምም አሉ፤ አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉ፤ ናሁሰናይ አልነካም አለ፤ ፎቶው አላንስም አለ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፤ መግቢያው አላስገባም አለ፤ ድንኳኑ አልወጣም አለ፤ እሑድ ደግሞ ሠርግ ነው! እኔ ስናገረው ደከመኝ፤ እሳቸው በእግራቸው የዞሩትን አስቡት።

የመጋዘኑ ጠባቂ ጋሽ ባንተይርጋ መክፈቻውን አንገታቸው ላይ በገመድ አንጠልጥለው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። እትዬ የሺመቤት ሲደርሱ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አዩ። ድንኳኑ እዚያ ነው። ታጥፎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። የራሳቸው ስፌት፣ ያ ድርብ ጠርዝ፣ መርፌው የተሰበረበት ማዕዘን ሳይቀር ይታያቸዋል። ሦስት እርምጃ ቢራመዱ ይነኩታል።

«ጋሽ ባንተይርጋ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ «ማህተሙ አልወጣም አለኝ፣ ጋሽ ሽብሩ አልፈርምም አሉኝ፣ አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉኝ፣ ናሁሰናይ አልነካም አለኝ፣ ፎቶው አላንስም አለኝ፣ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለኝ፣ መግቢያው አላስገባም አለኝ። እባክዎ ይክፈቱልኝ።»

ጋሽ ባንተይርጋ አዘኑላቸው። «እከፍትልሽ ነበር፣ ልጄ። ግን አዲሱ ደንብ መጋዘኑ የሚከፈተው በድረ ገጹ ጥያቄ ሲገባ ብቻ ነው ይላል። ምንም አይደለም፣ ቀላል ነው አሉ። ስልክሽን አውጪና መግቢያውን ጫን አድርጊ።»

መግቢያውን ጫን አድርጊ!

እትዬ የሺመቤት ይኼኔ ነው የፈነዱት።

«ሃያ ሦስት ዓመት! ለማን ሬሳ ነው ያልቆምኩት? ዝናብ ሲመታችሁ ማን ሰፋላችሁ? ጣቴን በልቶ ያለፈው ድንኳን ዛሬ ለልጄ ሠርግ አይሆንም? መጋዘኑ አልከፈትም አለ፤ ማህተሙ አልወጣም አለ፤ ጋሽ ሽብሩ አልፈርምም አሉ፤ አቶ ዳምጤ አልጽፍም አሉ፤ ናሁሰናይ አልነካም አለ፤ ፎቶው አላንስም አለ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው አልርቅም አለ፤ መግቢያው አላስገባም አለ፤ እና ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ ግቢ ትሉኛላችሁ? ሁላችሁም ደግ ናችሁ። አንዳችሁም ክፉ አይደላችሁም። እድሩ ግን ሞቷል! እድሩ ሞቷል እላችኋለሁ!»

ይህን ሲሉ በመንገድ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ጋሽ ደቻሳ ናቸው፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ዱሮ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን እየዞሩ ጥሩምባ ነፍተው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚለፍፉት እሳቸው ነበሩ። እድሩ ሲሠለጥን ልፈፋው በስልክ መልእክት ሆነ፤ ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ጋሽ ደቻሳም አብረውት ተሰቀሉ ማለት ይቻላል።

«የሺዬ» አሉ፣ «ምን አልሽ አሁን?»

«እድሩ ሞቷል አልኩ! ድንኳን ስለምነው ‹መልካም ጉዞ› አለኝ!»

ጋሽ ደቻሳ ብዙ አሰቡ። አርባ ዓመት ሙሉ ያልሞተ ሰው ሞተ ብለው አያውቁም፤ ለእሳቸው ከዚህ የሚብስ ነውር የለም። «አባሉ ድንኳን ሲለምን ‹መልካም ጉዞ› ካለው...» አሉ ለራሳቸው። «የሰፋችው እጅ ደጅ ቆማ ድንኳኑ ውስጥ ካደረ... የለም፣ ይኼ ውሸት አይሆንም። ሞቷል። የሞተ ደግሞ ይለፈፍለታል።» ጥሩምባቸውን ሊያወርዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዋርካ ሥር የረሳውን ድምፅ ሰማ። ጥሩምባው ጮኸ። «ስሙ! ያልሰማህ ስማ! የዋርካ ሥር እድር ባደረበት ሕመም አርፏል! ቀብሩ አሁኑኑ፣ መጋዘኑ በር ላይ ነው!»

የተኛ ተነሳ። ጥሩምባ ሲነፋ ማን አረፈ ሳይባል ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ልማዱ ነው፤ ስሙ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ሰፈርተኛው እየሮጠ መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ተኮለኮለ። «ማን ነው? ማንን ነው ያጣነው?» አልጋነሽ ነገረቻቸው፤ ከመጋዘኑ እስከ ድንኳኑ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። «ኧረ እኔም ‹መልካም ጉዞ› ብሎኛል!» አለ አንዱ። «እኔንም!» አለች ሌላዋ። ለካ ግማሹ ሰፈር ሳያውቅ ከእድር ለቋል! እያንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ድረ ገጹን ከፈተና ለጎረቤቱ ለማሳየት ወደ ላይ አነሳው። አንዲት አልቃሽም ሙሾ አወረደች፦

«አልቅሱ ጎረቤት፣ አልቅሱ በአንድነት፣
እድራችን ሞተ ባንድ ጣት ክፍተት።»

በዚህ መካከል አቶ ሽብሩ ኮታቸውን በፒጃማ ላይ ደርበው እያለከለኩ ደረሱ። ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ያለቅሳል። ሰው ሁሉ ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ ከፍ አድርጎ የያዘው የእሳቸውን ፎቶ ነው! በመቶ እጅ ላይ መቶ አቶ ሽብሩ፤ ኮት፣ ከረባት፣ ፈገግታ። ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አይተዋቸው «ውይ! የሟች ወንድም ነዎት? ፈጣሪ ያጽናዎት» አሏቸው።

አቶ ሽብሩ እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ አለሁ! በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው? ሟርት ነው ይኼ! አሳንሱት! ፎቶዬን አሳንሱት፣ እባካችሁ! ባንተይርጋ፣ ምን ትጠብቃለህ? ክፈት!»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተፈታው። ጥሩምባው ሰፈሩን ጠራ፤ ሰፈሩ ሰብሳቢውን አስደነገጠ፤ መጋዘኑ ተከፈተ፤ ማህተሙ ወጣ፤ አቶ ሽብሩ ፈረሙ፤ አቶ ዳምጤ በዚያ ባማረ እጃቸው ጻፉ፤ ናሁሰናይ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነካ፤ ፎቶው አነሰ።

«መልቀቂያውን ምን ያህል ላርቀው፣ እትዬ?» አለ ናሁሰናይ።

እትዬ የሺመቤት ከሽርጣቸው ኪስ የስፌት ጠመኔ አወጡ። ያን የተጠፈጠፈ አውራ ጣታቸውን በስልካቸው መስተዋት ላይ አስተኙ፤ ከላዩ አንድ መስመር፣ ከሥሩ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ልብስ እንደሚለካ ሰው። «ይህን ያህል» አሉ። «ከዚህ የሚያንስ ለማንም አትሥራ።»

ናሁሰናይ በልኩ አራራቀው። በዚህ ጊዜ ግን ጎረምሶቹ አልታገሡም፤ በሩ ተከፍቷል፣ ድንኳኑን ተሸክመው እያወጡት ነው። «እትዬ፣ ይኸው! እንሂድ!»

«መልሱት!» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ምን?»

«ወደ ቦታው መልሱት አልኩ። ሌባ አይደለሁም። ሦስት ቀን የዞርኩት ልገባ ነው፤ ገብቼ ነው የምወስደው።»

መለሱት። እትዬ የሺመቤት ቁጥራቸውን ጻፉ፤ የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ፤ አውራ ጣታቸውን መግቢያው ላይ ጫን አደረጉ። ስልኩም «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ የሺመቤት» አላቸው። መልቀቂያውን ሰረዙ፤ ድንኳኑን ለእሑድ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ፤ እታገኝም አብራ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነጠላው ተቃና፤ የእልልታውን ነገር ተዉት።

መጋዘኑ ተከፈተ፤ ማህተሙ ወጣ፤ ሰብሳቢው ፈረሙ፤ ጸሐፊው ጻፉ፤ ናሁሰናይ ነካ፤ ፎቶው አነሰ፤ መልቀቂያው ከመግቢያው ራቀ፤ መግቢያው አስገባ፤ ድንኳኑ ወጣ፤ እሑድም ሠርግ ሆነ! ከቀትር በኋላ ያ ሚያዝያ ያለ የሌለውን አወረደው። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጋሽ ደቻሳ ሙሽሮቹ ሲገቡ በጥሩምባቸው ሠርግ ነፉ፤ የሚያምር ነበር ማለት አልችልም፤ ግን ከልብ ነበር።

አሁንም ድረ ገጹ አለ። የአቶ ሽብሩ ፎቶም አለ፤ እሳቸው ራሳቸው ልኩን መረጡ። አንድ አውራ ጣት ያክላል።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ተከፈተ፤ እናንተም ስታወሩት ለሰው ቦታ ተዉለት።